ደሴ ፒያሳ ላይ የግሪክ ቃላት ኮርስ፦ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያወጣል። ግን ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ። ትዕግስትም ጨምሩበት።

ኮርሱ የሚሰጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቦታው ፒያሳ፣ አንድ ቡቲክ ፎቅ ላይ። ደረጃው ሥር በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «በየቀኑ የምንናገራቸው የግሪክ ቃላት፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ገበያ» ይላል። ለሙሉ ኮርሱ 600 ብር ነው። ለጥራዙ ደግሞ ሌላ 80 ብር አለ። ይቺን 80 ብር ማስታወቂያው አያነሳትም። ከፍላችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው የምትሰሙት።

ክፍሉ በአዘቦት ቀን ልጆች ማጠናከሪያ የሚማሩበት ነው። ስለዚህ ወንበሮቹ የልጅ ናቸው። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ጉልበታችሁ አገጫችሁ ጋ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ተሰቅሏል። ከመስኮቶቹ አንዱ መስታወት የለውም፣ በካርቶን ነው የተደፈነው። የጦሳ ተራራ ነፋስ ደግሞ ካርቶን አይፈራም። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ነው የምናዳምጠው።

እኔ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስሰማ፣ ስጽፍ፣ ሳትም እውላለሁ። እንጀራዬ ቃል ነው። ለቃል 600 ብር ማውጣት ለእኔ እብደት አይደለም። ባለቤቴ ግን «ግሪክ ልትሄድ ነው እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች።

መምህሩ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተዋል። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው በደንብ አይሰማም። ማስታወሻ የሚባል ነገር ግን በእጃቸው የለም። ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጋሼ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈሉት። በግራ በኩል ጳጳስ፣ ጠረጴዛ፣ ዲያቆን፣ ጴጥሮስ ብለው ጻፉ። በቀኝ በኩል ደግሞ ፖለቲካ፣ ቴሌቪዥን፣ ኪሎ፣ ፓስታ። «ሁሉም ውስጥ ግሪክ አለ። ታዲያ የግራውንና የቀኙን ምን ለያቸው?» አሉ።

ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ አለች፣ እሷ ቀደመች። «የግራዎቹ የቤተ ክርስቲያን ናቸው» አለች።

«ጠረጴዛስ?» አሏት። ዝም።

ከኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ተቀምጧል። ጥያቄ ካልሆነ በቀር አይናገርም። «ጋሼ፣ የግራዎቹ ይፈነዳሉ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ግን አልሳቁም። ጠመኔውን አስቀምጠው አጨበጨቡለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪክ ፒ፣ ታው፣ ካፓ የሚባሉ ፊደላት አሉት። በአክሱም ዘመን ግዕዝ ተናጋሪው የእነዚህን ድምፅ ሲሰማ ለጆሮው የቀረቡት የሚፈነዱት ድምፆች፣ ጰ፣ ጠ እና ቀ ነበሩ። ስለዚህ «ፓፓስ» ጳጳስ ሆነ። «ትራፔዛ» ጠረጴዛ ሆነ። «ዲያኮኖስ» ዲያቆን ሆነ። «ኤፒስኮፖስ» ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ትንፋሽ የሚበዛባቸው ሌሎቹ ሦስት የግሪክ ድምፆች ደግሞ ፈ፣ ተ፣ ከ ሆነው ገቡ። ቴዎድሮስ በተ የሚጻፈው ለዚህ ነው። መነኮስ በከ የሚጻፈውም ለዚህ ነው፣ «ሞናኾስ» ከሚለው፣ ብቸኛ ማለት ነው። ፊልጶስ የሚለው ስም ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ላይ ይዟል፤ ፊ አለው፣ ጶ አለው። ትርጉሙ ፈረስ ወዳድ ነው።

በቀኝ በኩል ያሉት ግን ከግሪክ አፍ በቀጥታ የመጡ አይደሉም። በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ አፍ ዞረው ነው ዘግይተው የደረሱን። ስለዚህ አይፈነዱም። ፐ፣ ተ፣ ከ ይዘው ቀሩ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም መንገዶች ሲገናኙ ማየት ከፈለጋችሁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ትራፒዚየም ሲስል እዩት። ጠረጴዛና ትራፒዚየም አንድ ቃል ናቸው። አንዱ በአክሱም በኩል መጣ፣ ሌላው በሒሳብ መጽሐፍ።

እኔ ለዚህ ብቻ 600 ብሩን እከፍል ነበር። ቁልፍ ነው የሰጡን። ከዚያ ቀን ወዲህ ጰ ያለበት ቃል ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

ይሄን ሲያስተምሩ ታሪኩን ብዙ አልዘረጉትም፣ ደግ አደረጉ። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ምዕተ ዓመት ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደላት እንደሆነ፣ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የግሪክ ጽሑፍ እንዳለ፣ ከዚያም በፊት ዞስካሌስ የተባለ የአካባቢው ንጉሥ የግሪክ ፊደል እንደሚያውቅ አንድ የግሪክ መርከበኛ ጽፎ እንደተወ ነገሩን። አለቀ። ወደ ቃላቱ ተመለስን።

በቃላቱ ውስጥ ከሁሉ የጣመኝ የዲያቆንና የጠረጴዛ ነገር ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የሐዋርያት ሥራን አንብቤ አላውቅም። እዚያ ላይ ሐዋርያት ማዕድ የሚያስተናግዱ ሰባት ሰዎች ያስመርጣሉ። ግሪኩ ማገልገል ለሚለው የተጠቀመው ዲያቆን የወጣበትን ቃል ነው። ማዕድ ለሚለው ደግሞ ትራፔዛ ይላል። ስለዚህ ዲያቆንና ጠረጴዛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ነው፣ ዘውድ ማለት ነው። እኛ ሐይቅ እስጢፋኖስ ስንል ስንት ዘመናችን! አንዱ ሐይቅ ያደገ ልጅ «እኔ እስጢፋኖስ የሐይቁ ስም ይመስለኝ ነበር» አለ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ።

ትራፔዛ አራት እግር ማለት ነው። ገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚሠሩ ቃሉ ወደ ገንዘብ ቤት ተሻገረ። ዛሬ አቴንስ ውስጥ ባንክ ስትፈልጉ «ትራፔዛ የት ነው?» ነው የምትሉት። ይሄ የእኛን የደሴን ሰው በጣም አሳቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባጃጁ ልጅ «ጠረጴዛ ቤት አድርሰኝ» እያለ ይቀልዳል።

ጳጳስ በግሪክ አባት ማለት ነው፤ ዛሬም እነሱ ጋ «ፓፓስ» ተራ ቄስ ነው። ኤጲስ ቆጶስ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ማለት ነው። ሲኖዶስ አብሮ መንገድ መሄድ፣ መገናኘት ማለት ነው። ወንጌል «ኤዋንጌልዮን» ነበር፣ መልካም ዜና። ጋሼ እነዚህን በፍጥነት ነው የሄዱባቸው፣ እኔም እፈጥናለሁ። አንድ ነገር ግን ወደድኩላቸው። የቤተ ክርስቲያን ቃል ሁሉ ግሪክ ነው ብለው አልሸጡልንም። ቄስ የሶርያ ነው፣ ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት የአራማይክ ናቸው ብለው ለይተው አስቀመጡ። ስቅለት ላይ የሚባለው ኪርያላይሶን የግሪክ «ጌታ ሆይ ማረን» ነው፤ አብሮት የሚባለው እብኖዲ ናይናን ግን ቅብጥ ነው። አንዲት እናት ይሄን ሲሰሙ «ስንት ዓመት ሰግጄበታለሁ፣ ማን ነገረኝ!» አሉ።

የፖለቲካው ክፍል ደከም ያለ ነበር። ፖለቲካ ከፖሊስ፣ ማለትም ከተማ ከሚለው፤ ዲሞክራሲ ሕዝብና ሥልጣን፤ ኢኮኖሚ ቤትና አስተዳደር። ይሄን ማንም የሲቪክስ መምህር ይነግራችኋል። አንድ ብቻ ቀረችኝ፦ ፖሊስና ፖለቲካ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የባጃጁ ልጅ «መቼም ይተዋወቃሉ» ሲል ጋሼ ወዲያው ርዕስ ቀየሩ። ብልህ ሰው ናቸው።

ለሥራዬ የቀረቡት ሁለት ቃላት ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ነው የመጡት። ዲፕሎማ ለሁለት የታጠፈ ማለት ነው፣ የታጠፈ ደብዳቤ። ፕሮቶኮል ደግሞ በጥንቱ የፓፒረስ ጥቅል ፊት ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ገጽ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳጥፍና ሳያይዝ ነው የምውለው። ሰኞ ጠዋት ደንበኛዬን «ዲፕሎማዎን ይያዙ» ብዬ ማመልከቻውን አጥፌ ሰጠኋቸው። ሰውዬው ግራ ገባቸው።

አሁን ወደ ምርጡ ቅዳሜ። መብራት ጠፋ። ሰሌዳው አይታይም። ጋሼ «ተነሱ፣ መንገድ ላይ እንማር» አሉን። ወረድን። ፒያሳ ላይ ሰልፍ ሠርተን ታፔላ ማንበብ ጀመርን። አንድ ባለሱቅ ወጥቶ «የምርጫ ቅስቀሳ ነው?» ብሎ ጠየቀን።

ከታች ያለችው ቡቲክ የመጀመሪያዋ ናት። ከግሪኩ «አፖቴኬ» ናት የወጣችው፣ ዕቃ ማከማቻ። በላቲንና በፈረንሳይ ዞራ ስትመጣ ቀጠነችና ቡቲክ ሆነች። ፎቶ ቤቱ ብርሃን ማለት ነው። ክሊኒኩ አልጋ ነው። ፋርማሲው ጋ ስንደርስ የፋርማሲዋ ልጅ ፊቷ ተለወጠ፤ «ፋርማኮን» መድኃኒትም ነው፣ መርዝም ነው። «ይሄንማ አለቃዬ እንዳይሰማ» አለች። አካዳሚ የሚል የግል ትምህርት ቤት ታፔላ አለ። አካዳሚ ፕላቶን ያስተማረበት አቴንስ አጠገብ ያለ የዛፍ ቦታ ነው። ጂም ቤቱ ጋ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጂምኖስ» ራቁት ማለት ነው፤ ግሪኮች ስፖርት የሚሠሩት ራቁታቸውን ነበር። በደሴ ብርድ ይሄን ማን ይሞክረዋል!

የሕንጻ መሣሪያ መደብር ፊት ለፊት ጄሶ በጆንያ ተደርድሯል። ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው፣ ሥሩ ግን የግሪኩ «ጊፕሶስ» ነው። ቀጥሎ ፍራሽ ቤት። ደጁ ላይ ስፖንጅ ተቆልሏል። ስፖንጅ ዞሮ የመጣው «ስፖንጎስ» ነው። ቀጥታ የመጣው ደግሞ ሰፍነግ ነው፣ ስቅለት ላይ ኮምጣጤ የተነከረው። ሰፍነግና ስፖንጅ አንድ ናቸው፤ አንዱ በመጽሐፍ ቅዱስ ቀረ፣ አንዱ አልጋ ላይ ነው። ፍራሽ ሻጩ «የምትገዙ ከሆነ ግቡ» አለን። ማንም አልገዛም።

ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ጋ ኪሎ አለ። «ኪሊዮይ» አንድ ሺህ ማለት ነው። ሊትርም፣ ሜትርም ግሪክ ናቸው። ጋዝ ደግሞ የሚገርም ነው፤ ቫን ሄልሞንት የተባለ የ17ኛው ምዕተ ዓመት የፍላንደርስ ሰው ነው የፈጠረው፣ «ካኦስ» ከሚለው የግሪክ ቃል፣ ያልተቀረጸ ትርምስ። ጋዝ ሲጠፋ ከተማው ላይ የሚሆነውን ለሚያውቅ ደሴዬ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በመጨረሻ ጋሼ መሃል መንገድ ላይ ቆሙና «የቆማችሁበትስ?» አሉ። ፒያሳ። ጣሊያን ነዋ! ጣሊያኑ ግን ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪክ ወስዶታል። «ፕላቴያ»፣ ሰፊው መንገድ። ሰፊው መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋብን፣ ተበተንን።

እንዲህ ያለ ቅዳሜ ብዙ ቢሆን ኖሮ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር። አልሆነም። ቅሬታዬን ልዘርዝር።

ጥራዙ አይነበብም። ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። የግሪኩ አልፋና ኦሚክሮን አንድ ዓይነት ጥቁር ነጥብ ሆነዋል። ሁለት ገጽ ተገልብጠው ነው የተጠረዙት። እኔ ይሄንን ሥራ ስለምሠራ አውቃለሁ፤ 80 ብር የሚያስከፍል ሰው ዋናውን ቅጂ ያመጣል።

ሰዓት አይከበርም። ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ዘጠኝ ተኩል ነው የሚጀመረው። ሲዘገይ ደግሞ መጨረሻው ይዘገያል። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ልጅ አለ፣ ከመሸ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሚኒባስ ስለማያገኝ ሁልጊዜ ከመሃል ተነስቶ ይሄዳል። እሱም እኩል ነው የከፈለው።

ጭቅጭቅ አይቆጣጠሩም። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ሲነሳ ክፍሉ ተቀደደ። ግሪኩ የተቃጠለ ፊት ይላል። ሌላው ወገን ኢትዮጲስ የሚባል የኩሽ ልጅ ነው ይላል። ጋሼ ሁለቱንም ይዘው፣ አንዱ የቋንቋ ጥናት ነው፣ አንዱ የአበው ትውፊት ነው ብለው ማለፍ ነበረባቸው። ዝም ብለው ተመለከቱን። ያ ቅዳሜ በዚሁ አለቀ። ያን ዕለት የታሰበው የወራት ትምህርት ተጨናነቀ፣ ቀጣዩ ሳምንት ላይ ተደረበ።

እሱ ደግሞ መጨናነቅ የማይገባው ክፍል ነበር። ጳጉሜን «ኤፓጎሜናይ» ነው፣ የተጨመሩ ቀናት። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሰው የሚያውቀው አበቅቴ «ኤፓክቴ» ነው፣ እሱም የተጨመረ ማለት ነው። የግዕዝ ቁጥሮቻችንስ! ፩ አልፋ ነው። ፪ ቤታ ነው። ፲ ዮታ ነው፣ ፳ ካፓ ነው፣ ፻ ሮ ነው። ጋሼ ፻ን ጻፉና ከጎኑ የግሪኩን ሮ ጻፉ፤ ጭንቅላቱ ክብ፣ እግሩ ረጅም፣ ዓይናችን እያየ አንድ ሆኑ። ግሪኮች ለ200 ሌላ ፊደል አላቸው። የእኛዎቹ ግን እዚያ ጋ ቆመው ፪፻ ብለው በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ። ስለዚህ ነገር ሁለት ሰዓት ማውራት ይቻል ነበር። ሃያ ደቂቃ ነው ያገኘው።

ሌላው፣ ጋሼ አንዳንዴ ይቸኩላሉ። ያቺ የፋርማሲ ልጅ «ታው ሁልጊዜ ጠ ከሆነ ክርስቶስ ለምን ክርስጦስ አልሆነም?» ብላ ጠየቀች። እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው። እስጢፋኖስ ጢ አለው፣ ክርስቶስ ቶ ነው። ጋሼ «ሕግ ሁሉ ልዩ ሁኔታ አለው» ብለው አለፉ። እንዲህ ያለ መልስ ለዳኛ አቅርቡ፣ ፋይላችሁ ይዘጋል።

ምስጢርንም ያለ ማወላወል ከግሪኩ «ሚስቴሪዮን» አስገቡት። በዚህ ቃል ላይ ግን ክርክር አለ። ሰተረ የሚል፣ መሸፈንን የሚያመለክት ሴማዊ ሥር አለ፤ ምስጢርን ከዚያ የሚያወጡት አሉ። ወሎ ውስጥ «አላህ ይሰትረን» ስንል ይሸፍነን፣ ገመናችንን ይደብቅልን ማለታችን ነው። ክርክር ያለበትን ቃል ክርክር አለበት ብሎ ማስተማር ምን ይጎዳል?

ከዚህ ነው ዋናው ቅሬታዬ የሚነሳው። ኮርሱ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የአክሱምንና የአውሮፓን። ደሴ ላይ እያስተማሩ ሦስተኛውን መንገድ መዝለል አይገባም። ሦስተኛው የአረብኛው ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ ሸዋ በር አካባቢ መድረሳ ነው የተማርኩት። ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ነበር የምንጽፈው። ቀለም የግሪኩ «ካላሞስ» ነው፣ ሸምበቆ፤ መጻፊያው ሸምበቆ ስለነበር። አልማዝ የሚለው የሴት ስም በአረብኛ የመጣ ነው፣ ሥሩ ግን «አዳማስ» ነው፣ የማይሸነፍ። ፈላስፋ የሚለውም በአረብኛ በኩል ነው የገባው። ኢንጂል የሚለው የቁርኣን ቃል ከወንጌል ጋር አንድ ነው፤ እንዲያውም ከግሪክ በቀጥታ ሳይሆን በእኛው ግዕዝ በኩል ወደ አረብኛ ተሻገረ የሚሉ የታወቁ ምሁራን አሉ። ኢብሊስን ብዙ የምዕራብ ምሁራን ከ«ዲያቦሎስ» ያወጡታል። የአረብኛ ሊቃውንት ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ከሚለው ግሥ ነው ይላሉ።

ገንዘቡንም እዩት። እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው፣ ደመወዟ በድርሃም ነው። የሰፈራችን ግማሽ ቤት በድርሃም ነው የተሠራው። ድርሃም የግሪኩ «ድራክሜ» ነው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አሥር ድሪም ያላት ሴት አንዱ ሲጠፋባት ቤቷን ትጠርጋለች። ድሪሙም ድርሃሙም አንድ ናቸው። ይሄን ለነዚያ እናት በሻይ ሰዓት ስነግራቸው «ልጄም ኩዌት ናት፣ የሷስ ዲናር?» አሉኝ። ዲናር መነሻው የሮማውያን ነው፣ በግሪክ በኩል አለፈ። ደስ አላቸው።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ካርታ ነው። የእኔ ሥራ ግማሹ ካርታ ነው። ካርታ ጠፋኝ፣ ካርታ ይሰጠኝ፣ ካርታዬ በስሜ ይዙርልኝ። ጋሼ ካርታን «ከጣሊያንኛ» ብለው በአንድ መስመር አለፉት። ከጣሊያንኛ ነው፣ እሺ። ጣሊያኑ ግን ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪኩ «ኻርቴስ» ነው የወሰደው፤ የፓፒረስ ወረቀት። ይሄው ቃል በጥንቱ መንገድ ግዕዝ ውስጥ ክርታስ ሆኖ ገብቷል። በአረብኛ ደግሞ ቅርጣስ ሆኗል፣ ቁርኣን ውስጥም አለ። ሦስት መንገድ፣ አንድ ወረቀት! ክርታስ፣ ቅርጣስ፣ ካርታ። ካርድና ካርቶንም ወንድሞቹ ናቸው። መስኮታችንን የደፈነው ካርቶን ሳይቀር ግሪክ ነው ማለት ነው። ደሴ ላይ ቆሞ ሦስቱንም መንገድ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? ደብተሩም፣ ሎሁም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ፋይልም እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ።

ይሄንን ለጋሼ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እኔ አረብኛ አልተማርኩም ልጄ፤ አንተ ካወቅክ አንድ ቅዳሜ ቆመህ አስተምር» አሉኝ። መልሱ የጨዋ መልስ ነው። ግን ማስታወቂያው «ከቤተ ክርስቲያን እስከ ገበያ» ነው የሚለው፤ የደሴ ገበያ ውስጥ አረብኛ የሌለበት ሱቅ አሳዩኝ።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ለዲያቆናትና ለአብነት ተማሪዎች ያለ ጥርጥር። ለቋንቋ መምህራን ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ልጅ ካላችሁ ላኩት፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ቃላት ይቀልሉታል። ግሪክኛ መናገር እማራለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ይቅርበት፤ ሰላምታ እንኳን አይማርም። ሰርተፊኬት ይሰጣል። ለሥራ ማመልከቻ የሚረባ አይመስለኝም፣ ይሄንን እንደ ባለሙያ ነው የምነግራችሁ።

ኮከብ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል። ግማሿ ለዚያ መብራት ለጠፋበት ቅዳሜ ናት።

አዲስ ዙር ከመስቀል በኋላ ይጀመራል ተብሏል። የምትመዘገቡ ሰዎች ከፊት ተቀመጡ፣ ከኋላ አይሰማም። ከካርቶኑ መስኮት ራቁ። 80 ብሯን ለጥራዙ አትክፈሉ፤ የእኔን አጽድቼ በኮምፒውተር ጽፌዋለሁ፣ ጋሼም ፈቅደዋል። ፍርድ ቤቱ ጋ ኑ፣ ገጹን በፎቶ ኮፒ ዋጋ አወጣላችኋለሁ። የአረብኛውን ቃላት ከኋላው ጨምሬበታለሁ።